እማማ ማንኪያውን እንዲይዙ

ነገሌ ቦረና፣ ጥር 28 ቀን 1962 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለአሥር አለቃ ቢረሳው
ጎዴ

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱና የወባ ትንኙ እንዴት አድርገውህ ይሆን? ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ግን እሷም ደብዳቤ ተብላ! «ደህና ነኝ፣ ልጁን አደራ፣ እናቴን አደራ» ብለህ ፈርመህ ላክህ። በቃል ልክ የሚያስከፍሉህ ነው የሚመስለው። እኔ ግን እንዳንተ አይደለሁም፤ ረዘም አድርጌ እጽፍልሃለሁ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ነገሌ እንደተውካት ናት። ዝናብ የለም፤ ቀዩ አቧራ ከበር እስከ መሶብ ገብቷል። የቦረና ሴቶች ጧት ጧት ወተት በጮጮ ያመጡልናል፣ ከብቱ ስለከሳ ግን እንደ በፊቱ አይደለም። ባለሱቋ ሸምሳ ሰላም በይልኝ ብላለች።

ወደ ልጅህ ልምጣ። ይርዳው ዓመት ሞልቶትም አንገቱ በደንብ አልጠናም። አንተ ስትሄድ ጡት ሲይዝ ትን ይለው የነበረው እየባሰበት ሄደ። ወተት ስንሰጠው በአፍንጫው ይመልሰዋል፣ ይስላል፣ ፊቱ ይጠቁራል። ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነብኝ። አንዷ እንጥሉ ወርዷልና አስቆርጪው ትለኛለች፣ ሌላዋ የግመል ወተት ታዝዝልኛለች። እናትህ ደግሞ በመንዝ ልጅ እንደሚያድገው ብለው ያጋቱት ነበር። በፍቅር ነው፤ ከአፋቸው ነጥቀው ለእሱ እንደሚሰጡ አንተም ታውቃለህ።

የጥምቀት ማግስት ትኩሳቱ ነደደ፣ ደረቱም ሲር ሲር ይል ጀመር። አዝዬው ከእማማ ጋር ከገበያው በላይ ወዳለው ክሊኒክ ሄድን። አሁን እዚያ ሲስተር ደራርቱ የምትባል የወለጋ ልጅ ተመድባለች። «አካም ቡልተኒ እማማ፣ ናጋ?» ብላ በኦሮምኛ ደህና ማደራችንን ጠይቃ ተቀበለችን። መርፌውን ወጋችውና እየተመላለስን እንድናሳየው አዘዘችን። ትኩሳቱ በረድ ሲልለት፣ «በሉ፣ እቤት እንዴት እንደምታበሉት አሳዩኝ» አለች።

እማማ ደስ አላቸው። ጭናቸው ላይ በጀርባው አንጋለሉት፤ እጃቸውን ጎድጎድ አድርገው አፉ ላይ ገጠሙና ወተቱን ያንቆረቁሩበት ጀመር። ወዲያው ትን አለው። ሲስተር እጃቸውን ቀስ ብላ ያዘች።

«ይቆዩ እማማ። የዚህ ልጅ ጉሮሮ ደካማ ነው። ተንጋሎ ሲሰጡት ወተቱ የሆዱን መንገድ ይስትና ወደ ሳንባው ይወርዳል። ትኩሳቱም፣ ደረቱ ሲር የሚለውም ከዚያ ነው የመጣው።»

እማማ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

ከዚያ እኔን አስተማረችኝ። ከምግብ በፊት በታጠበ ጣት ጉንጩንና ድዱን ማሸት፣ ቀጥ አድርጎ ማቀፍ፣ አንገቱን ጥቂት ወደ ፊት ማዘንበል፣ በሁለት ጣት አገጩን መደገፍ። ወተቱን እንዲያው ቀጭኑን ሳይሆን በገብስ ዱቄት ወፈር አድርጎ፣ በማንኪያ ጫፍ ብቻ። «መዋጡን ሳታዪ ሁለተኛ እንዳትጨምሪ» አለችኝ። አንድ ጊዜ ማብላት ጧቱን ይጨርሳል፣ ትዕግሥቴን ደግሞ ታውቀዋለህ። የአንደኛ ክፍል ልጆቼ ይህን ቢያዩ መምህርታችን ተለወጠች ብለው በሳቁብኝ። ግን ዋጠ፣ ቢረሳው። ሳይስል ዋጠ። ከደስታዬ ብዛት ማንኪያውን ይዤ አለቀስኩ።

ይድናል ብዬ አይደለም የምጽፍልህ። ሲስተር እንደ እኩዮቹ ይሮጣል አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ያለችኝ፣ በዚህ አኳኋን ከበላ ይኖራል፣ ነው። ካልበላ ግን ያው ነው፤ ክንዱ የጣቴን ያህል ቀጥኗል።

ያስቸገረኝ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ከክሊኒኩ ከተመለስን ጀምሮ እማማ ልጁን አይነኩትም። ገብሱን ይፈጫሉ፣ ወተቱን ያፈላሉ፣ ማንኪያውን አጥበው ያቀርቡልኛል። ያዙት ስላቸው ተነስተው ይወጣሉ። እኔ ሳበላው በሩ ሥር ይቆማሉ፤ አፉን ሲከፍት አብረው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ሲውጥ አብረው ይውጣሉ። እንዳላየሁ እሆናለሁ። ዲሬክተሩ አቶ ወልደገብርኤል እስከ የካቲት መጨረሻ ፈቅደውልኛል፤ ከዚያ በኋላ ክፍሌን ለሌላ መምህር እንደሚሰጡ በትህትና ነግረውኛል። ሸምሳ ሱቋን ዘግታ ልታበላልኝ አትችልም፤ ለሠራተኛ ይህን ጉሮሮ አምኜ አልሰጥም። ሊያበላው የሚችል ሰው ከእናትህ በቀር የለኝም።

ባለፈው እሑድ ተቆጣሁ። «እማማ፣ ልጁ በረሃብ ይሙት ነው የሚሉት?» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ተናግሬያቸው አላውቅም። «ብርነሽም ደረቷ እንዲሁ ነበር ሲር ሲር የሚለው» አሉኝ።

የልጃችንን ስም ከተቀበረች ወዲህ ቤታችን ውስጥ የጠራው ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ አይደል ያጋትኋት?» አሉ። «በዚህ እጄ።»

«አይደሉም እማማ፤ ብርነሽን የገደላት ምች ነው» አልኳቸው።

«አንቺ ለእኔ ስትይ ትዋሻለሽ። ቢረሳው ይንገረኝ። የጦሩ ሐኪም ያነጋገረው እሱን ነው።»

እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ሐኪሙ ለብቻህ ወደ ውጭ አውጥቶህ ብዙ አነጋገረህ። ስትመለስ ፊትህን አየሁት። ምን እንዳለህ እስከ ዛሬ ጠይቄህ አላውቅም፤ አንተም አልነገርከኝም። አሁንም አልጠይቅህም።

አንድ ነገር ብቻ ለምንሃለሁ። ለእናትህ በስማቸው ደብዳቤ ጻፍላቸው፣ በዚያች በአጭሯ አይሁን። ሐኪሙ ምች ነው አለኝ ብለህ ጻፍ። ይርዳውን አደራ የምለው ላንቺ ነው፣ ማንኪያውን ያዢ በላቸው፤ ያንተን ቃል እምቢ አይሉም። እርግጥ ፊደል አይለዩም፤ ከራሴ ፈጥሬ ላነብላቸው እችል ነበር። ግን ሳነብ ፊቴን እንጂ ወረቀቱን አያዩም፤ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ሳነብ ይነቁብኛል። ስለዚህ በእጅህ ጽሑፍ ይምጣልኝ። እስከ የካቲት መጨረሻ እንዲደርስ በነገሌ በኩል ወደ ክብረ መንግሥት ለሚያልፍ ሰው ስጠው።

ያቺን ደብዳቤ ጮክ ብዬ የማነባት እኔ ነኝ፣ ቢረሳው። እኔም እንደ እማማ አምኜ እሰማታለሁ።

የጠረፉን ሙቀት እግዚአብሔር ያቅልልህ፤ ወጥተህ በገባህ ቁጥር እመቤቴ ትጠብቅህ፤ ልጅህን ከእጅህ ለማጉረስ ያብቃህ።

ያንተዋ
የዓለምወርቅ