በጉሎ ዘይት ያቆምኩት ወፍጮ

አባዬ፣ የአላህ ረህመት አይለይህ። ካንተ ከተለየን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ቢያማትም ሶላቷን ቆማ ነው የምትሰግደው። ወንድሜ ሰይድ የጨፋ ሮቢቱን ወፍጮህን ተረክቦ እየሠራ ነው። እኔም ከሚሴ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ማስተማሬን አልተውኩም።

የምጽፍልህ ስለዚያ የገበያ ቀን ነው። የወፍጮው ጥቁር ጭስ ደረትህን ሲጎዳህ አይቼ፣ ከጉሎ ፍሬ ነዳጅ ሠርቼ በጀሪካን ይዤልህ መጣሁ። ያኔ ከዘይት የሚሠራ ነዳጅ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ምንም ሳትጠራጠር ከናፍጣው ጋር እኩል ቀላቅለህ ሞላኸው። ሞተሩ ጥቂት እንደሠራ ማንኳኳት ጀመረ፤ ነጭ ጭስ ተፋና ቀጥ አለ። እህላቸውን ተሸክመው ከሩቅ የመጡት ሴቶች ሳያስፈጩ ሊመለሱ ሆነ። ከመካከላቸው እትዬ ዘሀራ ምን እንደሆነ ሲጠይቁህ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳልፈትሸው አስነሳሁት» አልካቸው። እኔ አጠገብህ ቆሜ ዝም አልኩ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኖዝል ፈታህና፣ «ኢንተላ ኮ፣ ነይ እዪው፤ ምን እንደደፈነው ፈልጊ» አልከኝ። በኦሮምኛ ልጄ የምትለኝ ስታዝንልኝ ነበር። ምክንያቱን ሳላገኝልህ ሞትክ።

አሁን አግኝቼዋለሁ። የጉሎ ዘይት በተፈጥሮው በጣም ወፍራም ነው፤ ነዳጅ ከሆነም በኋላ ውፍረቱ አይለቀውም። ኖዝሉ እንደ ጉም ሊበትነው ሲገባ በትልልቅ ጠብታ ይረጨዋል። ጠብታው ዘግይቶ ይነድዳል፣ ከፊሉ ሳይነድ ይወጣል፣ የቀረው እዚያው ኖዝሉ ላይ ይጋገራል። ከባቲ በኩል ያስመጣሁት የጃትሮፋ ተክል ፍሬ ዘይት ግን ቀጠን ያለ ነዳጅ ወጣው። ኮሌጁ ባለው አሮጌ የውኃ ፓምፕ ሞተር ላይ ደጋግሜ ሞከርኩት። አንድ እጁን ከአራት እጅ ናፍጣ ጋር ስቀላቅለው ሞተሩ ሳያንኳኳ ሠራ። ነዳጁ በውስጡ ኦክስጅን ስላለው ጥቀርሻውም ቀነሰ።

ሰይድ ዓመት ሙሉ፣ «የአባዬን ሞተር ሁለተኛ አታቆሚብኝም» ብሎ እምቢ አለኝ። ባለፈው ወር፣ ገበያ በሌለበት ቀን ፈቀደልኝ። መጀመሪያ በናፍጣው ብቻ፣ ከዚያ በቅልቅሉ እያሠራ ነጭ ጨርቅ በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታው አፍ ላይ ያዘ። የናፍጣው ጨርቅ ጠቆረ፣ የቅልቅሉ አመድማ ሆነ። ሁለቱንም ጨርቅ ወስዶ ለእማዬ አሳያት፤ ከዚያ ወዲህ ወፍጮው በቅልቅሉ ነው የሚሠራው።

ሁሉም ተስተካከለ አልልህም። ጠዋት ሲበርድ ለመነሳት ያንገራግራል፤ ማጣሪያውንም ቶሎ ቶሎ ማጽዳት አለብን። ዓይን የማያየው፣ ሳንባ የሚጎዳው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ጋዝ ደግሞ ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ መለኪያ ስለሌለኝ አላውቅም።

በቀጣዩ የገበያ ቀን እትዬ ዘሀራ መጡ። ያኔ ወፍጮውን ያቆመው የኔ ነዳጅ እንጂ የአባቴ ቸልተኝነት እንዳልነበር ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ ነገርኳቸው። እትዬ ዘሀራ ትክ ብለው አዩኝና፣ «ታዲያ አሁንስ ተማርሽ?» አሉኝ።

«ተማርኩ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ፍጪልኝ» ብለው ማሽላቸውን አቀበሉኝ።

አባዬ፣ ዕድሜ እስከተሰጠኝ ድረስ ከየሶላቴ በኋላ በዱዓ አነሳሃለሁ። ሰው ስላንተ ሲያወራም ከእንግዲህ ዝም አልልም።

ልጅህ ሀያት