ስለ በሶብላሽ ቋጠሮ

ብርቄ፣ የቤቴ ሰው፣

እንዴት ሰነበትሽ አልልሽም፤ ያለሽበት ከዚህ እንደሚሻል አምናለሁ። ከተለየሽኝ ሁለት ፋሲካ አለፈ። አሁን ፍልሰታን ይዘናል። የቢቸና ዝናብ አላባራም፤ እኔም የያዝኩትን ሱሪ ከስፌት መኪናው ላይ ትቼ በመስኮቱ ጓሮሽን እያየሁ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ከሣጥንሽ ሥር በነጠላ ቁራጭ የቋጠርሽውን የበሶብላ ዘር አገኘሁት፤ ያንን ከእናትሽ ቤት ከሞጣ ያመጣሽውን፣ በየዓመቱ እየለቀምሽ ያቆየሽውን። ጓሮው ያንቺ ነበር፤ እኔ ሽሮው ካልሸተተኝ ትዝም አይለኝ። ልጃችን የገዛችልኝን ስልክ ከፍቼ ስለ በሶብላ ፈለግሁ። ጉድ ነው ብርቄ፣ እዚያ ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም! አንዱ አመድ ነስንሱበት ይላል፣ ሌላው አመድ እንዳታስጠጉት ይላል። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ድምፁ የሚያምር ሰው “በሦስተኛው ወር ዝሩ” አለ። እኔ ሞኙ ከመስከረም ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩና ኅዳር ላይ ግማሹን ዘራሁት። ውሃ እያጠጣሁት በቅሎልኝም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ብወጣ ውርጭ መትቶት ጠቁሯል። ለካ ሰውየው የፈረንጅ ምክር ነው የሚተረጉመው፤ ወሩም የነሱ ነው፣ የኛ መጋቢት። መጋቢትስ ቢሆን ምን ዝናብ አለንና?

የቀረችው ዘር በሁለት ጣት የምትቆነጠር ብቻ ሆነች። እሷ ካለቀች ያንቺ ዘር አለቀ። ፈርቼ ቋጠሮውን ከዳዊቴ ጎን አስቀመጥኩትና ስንት ወር ሳልነካው ቆየሁ።

በኋላ ጓሮዋን በስልክ የምታሳይ አንዲት የሞጣ መምህርት አገኘሁ። ያመንኳት የሞተባትን ቃሪያ አሳይታ “ይኸ የኔ ጥፋት ነው፣ ውሃ አብዝቼበት ነው” ስትል ነው። ስላንቺ ዘር ጻፍኩላት። መልሷ ጥያቄ ብቻ ሆነ፤ “አባቴ፣ አገርዎ የት ነው? ውርጭ አለ? አፈሩ ውሃ ያቁራል?” ደስ አለኝ፤ እኔም ሰውየውን ሳልለካ ጨርቅ አልቆርጥም። የመጨረሻው ጥያቄዋ ግን ስላንቺ ነበር። “ባለቤትዎ መቼ ነበር የሚዘሩት? ከሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም።”

አላውቅማ! ሠላሳ ዓመት አብሬሽ ኖሬ አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም። ለማላውቃት ሰው እርስዎ እያልኩ የምጠይቀውን፣ አንቺን እራት ላይ ብጠይቅሽ ምን ነበረበት?

ሳምንት ሙሉ ሳስብ ከርሜ የመጣልኝ የተቆጣሁሽ ቀን ነው። የሐዋርያት ጾም የገባ ሰሞን ነበር። ከቅዳሴ ስመለስ ጭቃው ላይ ተንበርክከሻል። “በጾም አፍሽ አፈር ትጭሪያለሽ? ምነው አርፈሽ ብትቀመጪ!” አልኩሽ። ቀና እንኳ ሳትዪ፣ “አንተ ለሐዋርያት ጹምላቸው፣ እኔ እዘራላቸዋለሁ” ብለሽ ሳቅሽብኝ።

ይህንኑ ለመምህርቷ ጻፍኩላት። “መልሱ እኮ እቤትዎ ነበር” አለችኝ። “ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ይዝሩ፤ ደግሞ ሁሉንም በአንዴ እንዳይጨርሱት።” እንዳለችኝ ጥቂት ፍሬ አስቀርቼ፣ ጾሙ በገባ በሳምንቱ፣ አንቺ በተንበረከክሽበት ተንበርክኬ ዘራሁት።

ብርቄ፣ ስንዝር አልፏል! ጠዋት ቅጠሉን ዳሰስ አድርጌ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ቄሱ ስምሽን ሲያነሱ እጄን ወደ አፍንጫዬ ጠጋ አደርጋለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዘሩ ሲደርስ በዚያችው ነጠላ እቋጥረዋለሁ። ለመምህርቷም እልክላታለሁ፤ ወደ እናትሽ አገር ይመለስ። የነጭ ሽንኩርትሽን መትከያ ቀን ግን ገና አላስታወስኩትም። እፈልገዋለሁ፤ ምናልባት እሱንም የተቆጣሁሽ ቀን ላይ አገኘው ይሆናል። አልረሳሽም ብዬ ብቻ አልቀርም፤ አጠገቤ ሆነሽ ሳላይሽ ያለፉትን ቀኖች አንድ በአንድ እየለቀምኩ አስታውስሻለሁ።

ልብስ ሰፊሽ