ያልገባት ተማሪ

ውድ እቴቴ፣

ይህን ደብዳቤ ስታዪ መጀመሪያ እንደምትስቂ አውቃለሁ። የአንድ ታክሲ መንገድ ብቻ የሚለያየን አክስትና የወንድም ልጅ ምን ያጻጽፈናል ትያለሽ። ልደውልልሽ ብዬ ስልኩን ስንቴ አንስቼ አስቀመጥኩት። ስደውል አንቺ ቀድመሽ ትቀልጃለሽ፣ እኔ እስቃለሁ፣ ከዚያ “በይ አያትሽ አባባ እየጠራኝ ነው” ብለሽ ትዘጊዋለሽ፤ የደወልኩበት ጉዳይም እዚያው ይቀራል። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ምን ልልሽ እንደፈለግሁ ለራሴም በቅጡ አልለየልኝም። እየጻፍኩ ይገባኝ ይሆናል ብዬ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ቢሮ ጠርታሽ፣ ከእንግዲህ የማስተማር ሰርተፍኬት የሌለው፣ ወይም ቢያንስ እየተማረ መሆኑን ማስረጃ የማያመጣ ሰው በረዳትነትም አይቀጥልም ያለችሽ ቀን በቀጥታ እኛ ቤት መጣሽ። ቦርሳሽን ከትከሻሽ ሳታወርጂ ሶፋው ላይ ዘፍ አልሽና፣ “የሰው ልጅ አፍንጫ ስጠርግ ኖሬ፣ አሁን አፍንጫ ለመጥረግ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተባልኩ” አልሽ። አባዬ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አንቺ ግን አልሳቅሽም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ፣ “አንቺም ትመዘገቢያለሽ። ከነዚያ ጨቅላዎች መሀል ብቻዬን አልቀመጥም። ፎቶ ኮፒ ቤት ተገትረሽ የሰው ወረቀት ከምታባዢ ምናለበት?” አልሽኝ። እኔ እንቢ ለማለት ያህል እንኳ አላሰብኩበትም። አንቺ ነይ ካልሽኝ መቼ ቀርቼ አውቃለሁ።

ለቃለ መጠይቁ አንድ ሳምንት ሙሉ መስታወት ፊት ቆመሽ ተለማመድሽ። ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ አገር ተረካቢ ትውልድ የምትይው ሁሉ እኔም በቃሌ ወጥቶልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ባዶ እጄን ገብቼ፣ “ለምን መምህር መሆን ፈለግሽ?” ሲሉኝ፣ “አክስቴ ብቻዬን አልገባም ስላለች ነው” አልኳቸው። ከጠያቂዎቹ አንዱ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ሳቀ። ሁለታችንም አለፍን። ስማችን ሲለጠፍ አንቺ ግድግዳውን ተደግፈሽ አለቀስሽ፣ እኔ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለቤት ምን ብዬ እንደምሰናበተው አስብ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ የሚያደናግረኝ አንዱ ነገር ይህ ነው። ትምህርቱን የፈለግሽው አንቺ ነሽ፤ ሰርተፍኬቱ ግን የተሰቀለው እኛ ሳሎን ነው።

የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ክንዴን ይዘሽ፣ “ክፍል ውስጥ እቴቴ ብትዪኝ አልምርሽም” አልሽኝ። እኔም አፌን ስይዝ፣ “እቴ...” ብዬ ጀምሬ ስስል ከረምኩ። ከኋላዬ ነበር የምትቀመጪው። ፈተና በደረሰ ቁጥር ወንበሬን በእግርሽ ነካ ታደርጊ ነበር፤ መልስ ለመጠየቅ ሳይሆን አይዞሽ ለማለት።

የልምምድ ክፍለ ጊዜውን መቼም አትረሺውም። አንዱ ሠልጣኝ ሰሌዳው ጋ ቆሞ አሥራ አምስት ደቂቃ ያስተምራል፣ ሌሎቻችን የአምስተኛ ክፍል ልጆች ሆነን እንቀመጣለን። መምህራችን፣ እጁን ከፍ አድርጎ “ሰዓቱ” እያለ ስለሚያስቆመን አንቺው “ሰዓቱ” የሚል ስም ያወጣሽለት ሰውዬ፣ ለእያንዳንዳችን የምንሆነውን ይነግረናል። አንዱ ረባሽ ይሆናል፣ አንዷ ታንቀላፋለች፤ ያ ጢማሙ ልጅ እናቱን የናፈቀ ሕፃን ካልሆንኩ ብሎ ያለቅስ ነበር። ያልገባት ተማሪ ግን ምንጊዜም አንቺ ነሽ። ለሌላ ሰው ሲሰጥ እንኳ “ኧረ እሷን ለእኔ ተዉልኝ” ትያለሽ።

ስትሠሪያት ደግሞ ለጉድ ነበር። እኛ “አልገባኝም” ስንል ያስታውቅብናል፤ ወይ ሳቃችን ያመልጠናል ወይ እናበዛዋለን። አንቺ ጣትሽን የዴስኩ ጠርዝ ላይ ታደርጊና፣ ፈገግ ብለሽ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ “ይቅርታ ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም” ትያለሽ። ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። አስተማሪ የሆነው ሠልጣኝም ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ “አሪፍ ሠራሽው” ይልሻል፤ የክፍላችን ልማድ ይኸው ነበር። አንድ ሁለቴ ያስረዳሻል፣ “ሰዓቱ” ይባላል፣ አንቺም “አሁን ገባኝ” ብለሽ ትቀመጫለሽ። የሁላችንም አለመግባት በአሥራ አምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

እኔ ክፍልፋይ ያስተማርኩ ቀን፣ ስድስት ለግማሽ ሲካፈል አሥራ ሁለት ነው ብዬ ጻፍኩ። ጣትሽ ዴስኩ ጠርዝ ላይ ሄደ። “ይቅርታ ቲቸር፣ ስድስት ብቻ ነበር የነበረን። ትርፉ ስድስት ከየት መጣ?” አልሽኝ።

“ሁለተኛውን ቁጥር ገልብጠን እናባዛለን፤ ስድስት ሲባዛ በሁለት” አልኩሽ።

“እሺ። ግን ከየት መጣ?”

ደግሜ ነገርኩሽ። ደግመሽ ጠየቅሽኝ። ጢማሙ ልጅ ከሳቁ ብዛት ግንባሩን ዴስክ ላይ ደፋ። “ሰዓቱ” ተባለ፤ ያን ቀን ብቻ “አሁን ገባኝ” ሳትዪ ተቀመጥሽ። እኔ “አሪፍ ሠራሽው” ብዬሽ ወረድኩ። ለትዕግሥቴ ተብሎ ከክፍሉ ከፍተኛውን ነጥብ አገኘሁ፤ ወደ ቤት ስንሄድም ባንቺ ትወና ነው ያገኘሁት ብዬ አቀፍኩሽ። “እኔ ምን አደረግሁ ብለሽ ነው” ብለሽ ወሬ ቀየርሽ።

የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሊደርስ ሲል ትምህርቱን አቋርጠሽ ቀረሽ። “አባባን ማን ያየዋል? እየደከመ ነው” አልሽን። አባዬ አመነ፣ እኔም አመንኩ። ትንሽ ቆይቶ አባባ ራሱ ደወለልኝና፣ “ልጄ፣ ይህቺን አክስትሽን አንድ በይልኝ። አሞሃል ተኛ እያለች ካርታ ጨዋታዬን አስቀረችኝ። እኔ እኮ ምንም አልሆንኩም” አለኝ። ሳቅሁና ሽማግሌ መቼ መድከሙን ያምናል ብዬ ተውኩት። ስንት ነገር እንደዚህ እንደ ዋዛ አልፌዋለሁ መሰለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመጨረሻው መንፈቅ ለተግባር ልምምድ አንድ ትምህርት ቤት መደቡኝ። ክፍሉ አምስተኛ፣ ልጆቹ እውነተኛ፤ ትዝ ያለኝ ግን ያ የእኛ ክፍል ነው። ክፍሉን የሚያስተምሩት መምህርት ከኋላ ተቀምጠው ያዩኛል። ክፍልፋይ ደረሰኝ። የተመሰገንኩበት ትምህርት ስለሆነ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ስድስት ለግማሽ፣ አሥራ ሁለት። አንዲት ቀጭን ልጅ ጣቷን የዴስኩ ጠርዝ ላይ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም። የጨመረው ከየት መጣ?” አለች።

እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ? ሳቅሁ። ዓይኔን ጠቀስኳትና “አሪፍ ሠራሽው” አልኳት።

አንድም ልጅ አልሳቀም። ልጅቷ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረና፣ ግራና ቀኝ አየች፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ያኔ ነው የት እንዳለሁ የታወቀኝ። ተጣድፌ ገልብጠን እናባዛለን አልኩ። “ገባችሁ?” ስል ሁሉም “አዎ” አሉ፤ እሷም ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

ከክፍል ስንወጣ መምህርቷ፣ “አሪፍ ሠራሽው ያልሻት ምኑን ነው?” አሉኝ።

“የምታስመስል መስሎኝ ነው።”

“ለማን ብላ?” አሉኝ።

“ነገ ጥያቄዋን መልሽላት” ብለውኝ ሄዱ። ቤት ገብቼ መልሱን ስፈልግ ጉዴ ፈላ። እቴቴ፣ አላውቀውም። ትርፉ ስድስት ከየት እንደመጣ እኔም አላውቅም ነበር። የማውቀው መገልበጥና ማባዛት ነው። ከክፍሉ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘሁት፣ ራሴ የማላውቀውን ነገር ለሚያውቁ ሰዎች በትዕግሥት ስላስረዳሁ ነበር።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ልጅቷ አጠገብ ተቀመጥኩና “እኔም አልገባኝም” አልኳት። እያሾፍኩባት መሰላትና ተጠራጠረችኝ። “ታዲያ ማን ያውቃል?” አለች። ስድስት ወረቀት አወጣሁና እያንዳንዱን ለሁለት ቀደድን። ስንቆጥር አሥራ ሁለት። ቁርጥራጩን ለረጅም ጊዜ አየችና፣ “ግን እኮ ወረቀቱ ያው ነው። ምንም አልጨመረም። አሥራ ሁለት ግማሽ ነው” አለች። እኔም እኩል ከሷ ጋር ገባኝ። ትርፍ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደስታው ግን አልቆየም፤ ወዲያው አንቺ ትዝ አልሽኝ። ያቺ ልጅ የፈገገችውን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ያንቺ ነው። ያፈረ ሰው ነው እንዲያ የሚስቀው።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጭንቅላቴ ውስጥ ሁለት እቴቴ አሉ። አንደኛዋ ተጫዋቿ ናት፤ ሰው ማሳቅ የምትችልበት፣ አውቃ የጠየቀች። ሁለተኛዋ ከጨቅላዎች መሀል፣ የወንድሟን ልጅ ሰሌዳ ጋ አቁማ፣ አልገባኝም ማለት ያቃታት፤ የምትጠይቅበት ሌላ መንገድ ስላጣች በጨዋታ አስመስላ የጠየቀች። ጥያቄዋን ደግማ ደጋግማ አቅርባ ሳቅ ብቻ የመለስንላት። ሁለተኛዋ ናት ብዬ ሳዝን፣ የፊደል ትምህርት ላይም እኮ አልገባኝም ብለሻል ብዬ እመለሳለሁ። ስንቱን ሕፃን ፊደል ያስቆጠርሽ ሰው ፊደል ሊጠፋሽ አይችልም። ታዲያ ሌላውም ቀልድ ነበር? ወይስ እውነተኛው እንዳይታወቅብሽ ነው ሁሉንም የቀለድሽው? ስንቴ አውጥቼ አወረድኩት፤ አይያዝልኝም።

የምረቃዬ ቀን ልጠይቅሽ ነበር። የጋውኔን ኮሌታ አስተካከልሽና፣ “በይ እንግዲህ ቲቸር” ብለሽ ፈገግ አልሽ። ያ ፈገግታ ይሁን ሌላ እንዳልለይ ፎቶ አንሺው ጠራን። ፎቶው ላይ ሁሉም ካሜራውን ሲያይ እኔ አንቺን ነው የማየው። እማዬ “አበላሸሽው” ብላ እስካሁን ትቆጣለች።

ልምምድ የሠራሁበት ትምህርት ቤት እዚሁ ቅሪልን ብሎኛል። ላስብበት ብያለሁ። ሰዉ ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሲለኝ አሜን እላለሁ፣ ውስጤ ግን ይሄ ነገር የኔ ነው ወይስ ባንቺ ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት ይለኛል። ማስተማር እወድ ይሆን? ያቺ ልጅ “ያው ነው” ስትል የተሰማኝ ነገር መውደድ ከሆነ፣ እወዳለሁ። ግን ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት እንጂ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ገና መጀመሬ ነው። የመጀመሪያዋ ተማሪዬ ደግሞ ጥያቄዋን እንደያዘች ሄዳለች መሰለኝ።

ሬጅስትራር ሄጄ ነበር። ስምሽን አልጠራሁም፣ አትቆጪ። አቋርጦ የነበረ ሰው አንድ ጊዜ ተመልሶ መግባት ይችላል፤ ምዝገባው በሚቀጥለው ሰኞ ይጀመርና በዚያው ሳምንት ይዘጋል። ራሱ ቀርቦ መፈረም አለበት፣ ወኪል አይቀበሉም። የተመዘገብሽበትን ማስረጃ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ካመጣሽላቸው እንደማያስወጡሽ ታውቂያለሽ። ካላመጣሽ ግን ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ተሰናብተሽ ትወጫለሽ። ያለነሱ ምን እንደምትሆኚ አላውቅም፤ እነሱም ያላንቺ።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ያ ሁሉ ትወና ከነበረ፣ ጻፊልኝ ወይም ደውዪልኝ። ምን ያለች ነገር አካባጅ ናት ብለሽ ሳቂብኝ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ከዚህ በኋላ አንድ ቀን አላነሳብሽም። ካልነበረ ግን ምንም አትመልሺልኝ። አትጻፊ፣ አትደውዪ። ሰኞ ጠዋት ሬጅስትራሩ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ዝም ብለሽ ነይ። እኔም ለምን መጣሽ አልልሽም። ሰልፉ ረጅም ነው አሉ፤ የምናወራው አናጣም።

የወንድምሽ ልጅ