ሁለቱ ሌዘሮችና የእኔ መነጽር

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
ከመርከብ መሥሪያው፣ በምሳ ሰዓት

ለምወድሽ ልጄ፣ ለኔ እናት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ፈተናው አለቀልሽ? እኔ ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው የምጽፍልሽ። ይኼ ሦስተኛው ወረቀት ነው። በያጁ "ጋሼ፣ ወንበሩ ይቆረቁራል እንዴ?" እያለ ይስቅብኛል።

የነገርኩሽ ሁለት የሌዘር ማሽኖች መጥተው ተሞከሩ። ሠላሳ ዓመት ዝገት በአሸዋ ሲያራግፍ የኖረውን አባትሽን "የቱ ይገዛ?" ብለውኛል፤ ነገ ጠዋት እፈርማለሁ። ሁለቱም ቶሎ ቶሎ ብልጭ በሚል ብርሃን ቀለሙንም ዝገቱንም ከብረቱ ያስለቅቃሉ። አቧራውን መምጠጫ ይወስደዋል፤ ያ የምታውቂው ሳል ቀረልን ማለት ነው። ትልቁ ጉልበተኛ ነው፤ ወፍራም ቀለም ጠራርጎ ይሄዳል፣ ስስ ላሜራ ላይ ግን ብረቱን አግሎ ያጠቁረዋል። ትንሹ ቀርፋፋ ነው፣ ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ ብረቱን ግን አይጎዳም። እኔ ትንሹን መርጫለሁ።

እረፍት የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ታውቂኛለሽ፣ ብረት መጥራቱን በባዶ ዓይኔ ካላየሁ አላምንም። ሰኞ ትንሹ ማሽን ሳይጠፋ የጨረር መከላከያ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ጎንበስ አልኩ። ብልጭ የሚለው ብረቱ ላይ ነው እንጂ ጨረሩ ራሱ አይታይም፣ አያምም። ከዚያ ወዲህ በግራ ዓይኔ መሐል ላይ ጥላ አለ። "አባዬ፣ ነግሬህ አልነበር!" እንደምትይ አውቃለሁ፤ ተናገሪ፣ ይገባኛል።

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ማሽኑን ፈርተው ወደ አሸዋው ይመልሱናል ብዬ ሰጋሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አፍሬም ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ቀለም ቀቢው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሊያጎነብስ ሲል ደረስኩበት። ግቢው እስኪሰማ ጮኽኩበት።

"ምነው ጋሼ፣ ከእርስዎ አይቼ እኮ ነው!" አለኝ።

መነጽሩን ከግንባሩ አውርጄ ዓይኑ ላይ አደረግኩለት።

ስለዚህ ይኼን አጥፌ ፖስታ ውስጥ እንደከተትኩ ወደ አለቃዬ ልሄድ ነው። ትንሹ ይገዛ፣ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የኔ ነው፣ መነጽሩን ያወለቀ ሰው ደግሞ ከሥራ ይታገድ፣ ከኔ ይጀመር እላለሁ። ከሱ በፊት ግን አንቺ እንድታውቂ ፈለግኩ።

አትጨነቂ፣ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ፤ ጥላው ይጠፋል። አምላክ የሁለቱንም ዓይኖችሽን ብርሃን ይጠብቅልኝ፣ እግርሽን እንቅፋት አይንካው።

የሚወድሽ አባትሽ

ስትመጪ እንደ ሁልጊዜው አውቶቡስ ጣቢያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። በቀኜ በኩል ነይልኝ።