«ትታየኛለህ» ያልኩት ቀን

ይድረስ ለልጄ ለኦሊንካ፤

በሰው አገር ሰማይ ላይ የሚያበርርሽ አምላክ በሰላም ያሳርፍሽ፤ ክንፍሽን ከበረዶ ይጠብቅልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ኩስኮክዊም ወንዝ በረዶ ሆኖ ከተዘጋ ወር አልፎታል። የሳልሞን ዓሣው ደርቆ ተሰቅሏል፤ የሚበላው ግን የለም። ሾርባውን ዛሬም ለሦስት ሰው ሠርቼ ብቻዬን ቀመስኩት። ከአብራሪዎች ጋር የምነጋገርበትን ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ አልዘጋውም፤ የሰው ድምፅ ይሁንልኝ ብዬ ነው።

ማክሰኞ ፖስታ የሚያመጣው አብራሪ ኤቮን ከላይ ሆኖ በሬዲዮ «እማማ ናስታሲያ፣ እንዴት ነው? ልውረድ?» አለኝ። ሰማዩም መሬቱም አንድ ዓይነት ነጭ ነበር።

«አንተ ትታየኛለህ፤ መሬቱስ ይታይሃል ወይ?» አልኩት።

«ኧረ ምንም አይታየኝም!» ብሎ ተመለሰ። ደብዳቤሽም አብሮት ሄደ፤ አራት ቀን ጠበቅሁት።

አባትሽን ግን በሞተበት ቀን እንዲህ ብዬ አልጠየቅሁትም። እኔ ከታች አውሮፕላኑን ጥርት አድርጌ ሳይ፣ እሱም መሬቱን የሚያይ መስሎኝ «ትታየኛለህ፤ ና ዋሲሊ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ» አልኩት። ገና ከፍታ ላይ ያለ መስሎት ወርዶ ከበረዶው ጋር ተላተመ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አሁን አንቺም ራስሽ እያበረርሽ ልትመጪ ነው። ነይ ልጄ፣ ናፍቀሽኛል፤ መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ። ማረፊያው ላይ የጥድ ቅርንጫፍ ሰክቼልሻለሁ። ቅርንጫፉ ካልታየሽ ግን፣ እኔ በሬዲዮ «ነይ» ብልሽ እንኳ እንዳትሰሚኝ። አደራ፣ ተመለሺ። ሾርባውን መልሼ አሞቀዋለሁ።

እናትሽ ናስታሲያ