ማንም ሳይሰማ የምጠራሽ ስም

ለልጄ፣ ድምፅሽን በለመደው ጆሮዬ ላይ ዝም ላልሽው፣

ከተለያየን ዓመት አለፈን፤ ገብሱ ዳግመኛ ታጭዶ ገባ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ፈትል ሲበጠስብኝ እንደምቀጥለው፣ ነገሩም ሲቋረጥብኝ እየቀጠልኩ።

ቤታችን እንደተውሽው አይደለም። የጓሳው ሣር ክዳን ወርዶ ቆርቆሮ ሆኗል። ዝናብ ሲጥል ስለሚጮኽ አባትሽ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይሰማል፤ ምን አወሩ ሲሉት «ዝናብ ነው ያወሩት» ይላል። ጥቁሯ በግሽ መንታ ወልዳለች።

ብዕር ያስነሣኝ ግን ይህ አይደለም። ቅናት ነው። በዩኒቨርሲቲው አንድ ክፍል አብራሽ በኖረችው በሰብለ ቀንቻለሁ። ስለ ሞተች ልጇ ትቀናለች እንዴ ይሉኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ግን ምን እደብቃለሁ።

ብታውቂውም ከሥሩ ልነሣ። ካንቺ በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። አንቺ ስትወለጂ የሰፈሩ አሮጊቶች መጥተው፣ መልካም ስም አውጥተሽ አትጥሪያት፣ ሞት ሰምቶ ይመጣል አሉኝ። እኔም ሳጠባሽ ከአፌ የወጣውን፣ ምንም ትርጉም የሌለውን ቃል ስም አደረግሁልሽ። ቤተ ክርስቲያን ወለተ ሥላሴ አለችሽ፤ አባትሽ ትምህርት ቤት ሲያስገባሽ መቅደስ አለሽ። የኔው ግን በሁለታችን መካከል ቀረ። አባትሽ ድንገት ሰምቶ «ማንን ነው የምትጠሪው?» ሲለኝ «ድመቷን» እለው ነበር።

ኋላ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ገባሽ። ለዕረፍት ስትመጪ የበግ ጠጉር እያበጠርሽልኝ፣ እኔ እየፈተልኩ፣ የተማርሽውን ታወሪኝ ነበር። በጥንት ዘመን የግሪክ ሊቃውንት፣ ስም ከነገሩ ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው ወይስ ሰው ተስማምቶ ያወጣው ነው እያሉ ተከራከሩ አልሽኝ። ከነሱ ብዙ ዘመን በኋላ የመጡት፣ ቃል በልብ ላለ ሐሳብ ምልክት ነው አሉ። ወደኛ ዘመን የቀረበው አንዱ ደግሞ የቃል ትርጉም ሰዎች ቃሉን የሚያውሉበት ሥራ ነው አለ። እኔ «እነዚህ ሰዎች እርሻ የላቸውም?» ብዬሽ ጠጉሩ ከእጅሽ እስኪወድቅ ሳቅሽ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ያላየኋቸው፣ አጥንታቸው የፈረሰ የባዕድ አገር ሽማግሎች ስማቸው ሲነሣ ዓይንሽ ሲበራ አይቼ ቀንቼባቸው ነበር።

ያንለት ነው እንዲህ ያልሽኝ፦ «እማዬ፣ ያንቺ ስም ትርጉም የለውም ትያለሽ። ግን ስትጠሪኝ ከየትም እመጣለሁ። ትርጉሙ መምጣቴ ነዋ።» ከሊቃውንቱ ሁሉ የበለጥኩ መሰለኝ። አንድ ነገር ደግሞ ጨመርሽ። አንድ ሰው ብቻውን የሚያውቀው ቃል፣ ቃል መሆኑ ያጠራጥራል፤ ቢሳሳት ማን ያርመዋል አልሽ። እኔና አንቺ ሁለት ስለነበርን ነገሬም አላልኩት።

አሁን ብቻዬን ቀረሁ። አባትሽ ማሳ ሲሄድ ጠብቄ ጎተራው ሥር ቆሜ እጠራሻለሁ። የሚመጣ የለም። መጥራቱን አልተውኩም፤ ነገር ግን ፍርሃት ገባኝ። ቃሉ ያው ነው? ወይስ አፌ ውስጥ እየተለወጠ ነው? ማንን ልጠይቅ?

ሙት ዓመትሽ ሲወጣ ሰብለ ጧፍ ይዛ መጣች። እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ ድስት ስናጥብ ስላንቺ ታወራኝ ጀመር፤ በመካከሉም ያንን ስም ጠራችው። እንዲያው እንደዋዛ። እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ። ያ የወሰደሽ ሕመም ሲጠናብሽ፣ ካልነቃሁ በዚህ ጥሪኝ ብለሽ ነግረሻት ኖሯል። ልጄ፣ በሁለት መቃብር ላይ ያገኘሁትን ቃል እሷ ባንድ ክፍል በማደር ወሰደችው! በሷም ባንቺም ተናደድኩ።

«እንዲያ አይባልም» አልኳትና ራሴ ጠራሁት።

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። ከዚያ በትሕትና፣ «ይቅርታ እማማ፣ መጨረሻው ላይ ድምፅዎን ከፍ ያደርጉታል ብላኝ ነበር። እርስዎ አሁን ጣሉት» አለችኝ።

አፍሬም ተናድጄም ደግሜ ጠራሁት። እውነቷን ነው። ድሮ ከማዶ እንድትሰሚኝ ወደ ላይ አነሣው ነበር። ዓመቱን ሙሉ መልስ ሳልጠብቅ ስጠራው ወደ ታች ወርዷል፤ ጥሪ የነበረው ልቅሶ ሆኗል። እኔ ሳላውቀው ያንቺ ስም ከኔ ጋር ሊሞት ነበር። አስተካክላ ጠራችው፤ እኔም ተከተልኳት። ሦስተኛው ላይ «አዎ፣ እንደሱ ነው» አለችኝ። ጭንቅላቷን በጭልፋ ብላት ደስ ባለኝ፤ አቅፌ አለቀስኩባት እንጂ።

ቅናቴ አልወጣልኝም፤ አልዋሽሽም። ያን ቃል እንዴት እንዳልሽው፣ ስትነግሪያት ስቀሽ ይሁን አልቅሰሽ፣ ያንን የምታውቀው እሷ ናት። ቢሆንም በየዓመቱ እንድትመጣ ለምኛታለሁ። በፊቷ እጠራሻለሁ፣ ስሳሳት ታርመኛለች። አልረሳሽም ማለት ለአፍ ቀላል ነው፤ የኔ ቃል ኪዳን ግን ቀናተኛ አንገቴን ደፍቼ መታረም ነው።

ስሙን እዚህ ወረቀት ላይ አላሰፍረውም። ሁለት ሰው ይበቃዋል።

እናትሽ