ሁለቴ የተጠየቁት አሥር ጥያቄዎች

ይድረስ ለእታለም ለሉሱንጉ፣

እንደ ምን ከርመሽልኛል? ጤናሽስ? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ ጉልበት ዘንድሮ አረፈልሽ? የእማማስ ዓይን እንዴት ሆነ? ጋሼ ምዋንጎንዴስ፣ ሐይቁ ዓሣውን አልነፈጋቸውም? እኔ ተመስገን ነው፤ ደህና ነኝ። ለመፈታት የቀረኝ አሥራ አራት ወር ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ እዚህ ስለሆነው ነገር ነው፤ ሆድሽን ይዘሽ እንደምትስቂ ዐውቃለሁ። በብርዱ መግቢያ ላይ የወህኒ ቤታችን ነርስ ሲስተር ቲያሚኬ አሥር ጥያቄ ያለበት ወረቀት ይዛ መጣች። ጭንቀትና ሐዘን የጎዳውን ታራሚ ቶሎ ለመለየት ነው አለች። መልሱ «በጭራሽ»፣ «አንዳንዴ»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ ወይም «ሁልጊዜ» ነው። አስተማሪ ስለነበርኩ፣ ማንበብ ለማይችሉት እንዳነብላቸው እኔን መረጠች።

«ባለፈው ወር ያለ ምክንያት ደክሞህ ያውቃል?» ብዬ ሳነብ አንዱ «ከጠዋት ጀምሮ በቆሎ ስንኮተኩት መዋላችን ምክንያት አይደለም እንዴ?» አለ። «ተረጋግተህ መቀመጥ አቅቶህ ያውቃል?» ስል ደግሞ ያንኮ ብድግ ብሎ «መምህር፣ መቀመጫው የት አለና!» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያንኮ የኳስ ቡድናችን በረኛ ነው፤ የእሱ ቀልድ ባይኖር ይህ ግቢ ባልተቻለ።

ለካ ውስጥ ውስጡን «‹ሁልጊዜ› ብሎ የመለሰ ሰው ገንፎው ላይ ስኳር ይጨመርለታል» የሚል ወሬ ተነዝቶ ኖሯል! ከሜዳ እየዘፈኑ የመጡት ሁሉ ተስፋ ቆርጠው እንደሆነ ሲጠየቁ «ሁልጊዜ!» እያሉ አለፉ። ስኳሩ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ሲስተር መልሱ ይጸና እንደሆነ ለማየት ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ደግማ ጠየቀች። በዚህ ጊዜ ደግሞ «ያዘነ ሰው ተጭኖ ወደ አእምሮ ሐኪም ቤት ይሄዳል» ይባል ነበር። አቤት! ያ ሁሉ ሐዘንተኛ ባንድ ጀምበር ደስተኛ ሆኖ ቁጭ አለ። እኔም፣ አልዋሽሽም፣ ከስኳሩም ከፍርሃቱም አልቀረሁም።

ሲስተር ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እንግዲህ በዚህ ሚዛን መዝኜ ማንን ላክም ነው?» አለች። ከዚያ ሳቋ ቀጥ አለ። ከመቶ ስድሳ ሰው አንዱን ብቻ ስኳሩም አላስጎመጀውም፣ መጫኑም አላስፈራውም። «ራስህን የማትረባ አድርገህ ታያለህ?» ለሚለው ሁለቴም «ሁልጊዜ» ብሏል። ስሙን ስታሳየኝ ያንኮ ነው።

ክው አልኩ። በዚያው ሳምንት ብርድ ልብሱን «እኔን አያስፈልገኝም፣ አንተ ልበሰው» ብሎ ሰጥቶኝ፣ እኔ ሞኙ መርቄ ተቀብያለሁ። ይህን ስነግራት ሲስተር ወረቀቱን ጥላ ተነሣች። ያን ዕለት ከማንጎው ሥር አብራው ዋለች። ሚስቱ ሌላ ማግባቷን ሰምቶ ራሱን ሊያጠፋ ቆርጦ፣ ቀኑን ሳይቀር መርጦ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አብራው ትቀመጣለች፤ እኛም ተራ ገብተን ከአጠገቡ አንለይም። ባለፈው ሰኞ መጣና «መምህር፣ ብርድ ልብሴን ወዲህ በል! ሳልሞት ትወርሰኛለህ እንዴ?» አለኝ። እንደዚያን ቀን በደስታ የተነጠቅኩት ነገር የለም።

ሲስተርም አጠያየቋን ለወጠች። አሁን እያንዳንዱን ሰው ለብቻው፣ ዋርድያ በሌለበት፣ «በመልስህ የምታገኘውም የምታጣውም የለም» ብላ ነው የምትጠይቀው። መልሱም እየሰከነ መጥቷል። ተራዬ ደርሶ «ምንም የማያጽናናው ሐዘን ይሰማሃል?» ስትለኝ «አንዳንዴ» አልኳት። «መቼ?» አለችኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጠያቂ የመጣለት ሰው ስም ሲጠራ» አልኩ። እንዲህ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቀለለኝ።

እታለም፣ ነዪ አልልሽም፤ የሁለት ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው። ግን ደብዳቤ የመጣለትም ሰው ስሙ የሚጠራው በዚያው ሰዓት ነውና፣ አንዲት መስመርም ብትሆን ጻፊልኝ።

የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ለጋሼ ምዋንጎንዴ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ዋንጋኒን «የማባዛት ሠንጠረዡን ስመጣ እጠይቅሃለሁ» በይው። ትንሿን ታፒዋን ጉንጯን ነክሰሽ ሳሚልኝ፤ አጎትሽ ነው በያት።

ወንድምሽ ቴምዋ

ማላዊ፣ ከሺሬ ወንዝ ማዶ
ጁላይ 9 ቀን